የፋይል ስሞችን በዓምድ መደርደር፦ የሲ ፕሮግራም የአማርኛ ስም ሲያይ ለምን ይንጋደዳል?

ጥያቄ፦ «የምማረው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች በዓምድ በዓምድ አድርጎ የሚያሳይ ፕሮግራም በሲ እየጻፍኩ ነው፤ የሊኑክሱ ኤልኤስ እንደሚያደርገው። ፋይሎቼን የሰየምኳቸው በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ስም ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ ስጽፈው ዓምዱ ቀጥ ይላል፤ በአማርኛ ሲሆን ይንጋደዳል። ቅደም ተከተሉም ዝብርቅርቅ ያለ ነው። ፕሪንትኤፍ በሚባለው ማተሚያ ፈንክሽን ለእያንዳንዱ ስም 20 ቦታ እየሰጠሁ በየመስመሩ 4 ስም አትማለሁ። በኋላ የፋይሉን መጠንም ልጨምርበት አስቤያለሁ። የተሳሳትኩት የቱ ጋ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራምሽ ስሙን እንዳነበበ እዚያው ያትመዋል። ሁለተኛ፣ የስሙን ርዝመት የሚለካው ስክሪኑ ላይ በሚታየው ፊደል ሳይሆን በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደሉን በሚያስቀምጥባቸው ትንንሽ ክፍሎች ብዛት ነው። የእንግሊዝኛ ስም ሁለተኛውን ችግር ይሸፍነዋል፣ የአማርኛ ስም ያጋልጠዋል። እንኳንም በአማርኛ ሰየምሻቸው። ስማችን በራሳችን ፊደል ተጽፎ ቀጥ ብሎ የማይታይበት ፕሮግራም አልተጨረሰም ማለት ነው። የአማርኛውን ካስተካከልሽ ደግሞ የሌላውም ዓለም ስም አብሮ ይስተካከላል።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። የፈንክሽኖቹን ስም እንደሚጠሩት አድርጌ ነው የምጽፈው። ኮዱ ላይ በላቲን ትንንሽ ፊደል ታስገቢያቸዋለሽ። የትኛውንም ከተጠራጠርሽ ተርሚናሉ ላይ ያለውን የማን ገጽ (መመሪያውን) ክፈቺ፤ ከኢንተርኔት መልስ ሁሉ እሱ ይበልጣል።

አሁን ፕሮግራምሽ የሚሄድበትን መንገድ እንየው። ፎልደሩን ይከፍታል። አንድ ስም ያነባል፣ ያትማል። አራት ሲሞላ መስመር ይቀይራል። በዚህ አካሄድ ዓምድ በትክክል ሊወጣ አይችልም። ድግስ ያለበት ሰው ስንት እንግዳ እንደሚመጣ ሳያውቅ ድንኳን አይተክልም። ፕሮግራምሽም ስንት ስም እንዳለ፣ ከስሞቹም ረጅሙ ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ሳያውቅ አንድ ፊደል ማተም የለበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ስሞቹን በሙሉ ሰብስቢ። ከዚያ ቅደም ተከተል አስይዢ። ከዚያ ለኪ። ማተም መጨረሻ ላይ ይምጣ። አራቱን በአራት ፈንክሽን ለያይተሽ ብትጽፊያቸው የትኛው እንደተበላሸ ለማወቅ አትቸገሪም።

ከመሰብሰቡ እንነሳ። የሲ ቋንቋ ደረጃ ስለ ፎልደር ምንም አይልም። ፋይል መክፈት፣ ማንበብ፣ መጻፍ አለው፤ ፎልደር ግን አያውቅም። ፎልደር የሚከፍተው ኦፕንዲር፣ ስሞቹን የሚያነበው ሪድዲርና የሚዘጋው ክሎዝዲር የሚመጡት ከፖዚክስ፣ ዩኒክስ መሰል ሲስተሞች ከሚጋሩት ደረጃ ነው። ሊኑክስና ማክ ላይ ዝም ብለው ይሠራሉ። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያስኬደውን ደብሊውኤስኤልን ጭነሽ እዚያ ውስጥ ብትሠሪ ይሻልሻል፤ ከታች ስለ ተርሚናል ስፋት የምለውም ቢሆን የሚሠራው እዚያ ነው።

እነዚህ ፈንክሽኖች የመጡት በ1983 እ.ኤ.አ. ከወጣው 4.2 ቢኤስዲ ዩኒክስ ጋር ነው። ከዚያ በፊት ፕሮግራሞች ፎልደሩን እንደ ተራ ፋይል ይከፍቱትና በ16 ባይት እየቆራረጡ ያነቡት ነበር። 2 ባይት ለፋይሉ መለያ ቁጥር፣ 14 ባይት ለስሙ። በ14 ባይት የሚገባው የአማርኛ ፊደል 4 ብቻ ነው፤ አንኮበር እንኳ አይገባም ነበር። ዛሬ ሊኑክስ ላይ በተለመዱት የፋይል ሲስተሞች አንድ ስም እስከ 255 ባይት ይፈቀድለታል። በአማርኛ ሲሆን 85 ፊደል ነው። ለምን ሲሶ እንደሆነ ወደ መለካቱ ስንደርስ ይገባሻል።

ሪድዲር ላይ ሦስት ቦታ ሰው ይወድቃል። የመጀመሪያው ፖይንተሩ (የሜሞሪ አድራሻው) ነው። ሪድዲር የሚሰጥሽ ስም ያንቺ አይደለም፤ እሱ በያዘው ሜሞሪ ውስጥ ነው ያለው። ፖይንተሩን አሬይ (ዝርዝር) ውስጥ አስቀምጠሽ ብትሄጂ ቀጣዩ ጥሪ ሊጽፍበት ይችላል። ክሎዝዲር ከጠራሽ በኋላማ ጭራሽ የለም። ክፋቱ ጥቂት ፋይል ያለበት ፎልደር ላይ ደህና የሚሠራ መምሰሉ ነው። መቶና ሺህ ፋይል ሲመጣ ስሞቹ ይደበላለቃሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እያንዳንዱን ስም በስትርዱፕ ቅጂው።

ሁለተኛው፣ ሪድዲር ስሞቹ ሲያልቁም ስህተት ሲያጋጥመውም የሚመልሰው ያንኑ ነል (ባዶ ፖይንተር) ነው። ለመለየት ከእያንዳንዱ ጥሪ በፊት የስህተት ቁጥር የሚይዘውን ኤርኖን 0 አድርጊው። ነል ከመጣ በኋላ ኤርኖ አሁንም 0 ከሆነ በሰላም አልቋል። ካልሆነ የሆነ ነገር ተበላሽቷል፣ ለተጠቃሚው ንገሪው።

ሦስተኛው፣ አንድ ነጥብ እና ሁለት ነጥብ የሚባሉ ሁለት ስሞች አብረው ይመጣሉ፤ ፎልደሩ ራሱና ወላጁ ናቸው። በነጥብ የሚጀምር ስም ሁሉ እንደ ድብቅ ስለሚቆጠር፣ የመጀመሪያው ፊደል ነጥብ ከሆነ እለፊው። ሁለቱም አብረው ይታለፋሉ።

ስንት ስም እንደሚመጣ ቀድሞ ስለማይታወቅ አሬይሽ ማደግ አለበት። በ16 ቦታ ጀምሪ፤ ሲሞላ ሜሞሪ በሚያሰፋው በሪአሎክ እጥፍ አድርጊው። የሪአሎክን መልስ ግን በቀጥታ አሬይሽ ላይ አትጫኚው። ሜሞሪ ካልተገኘ ነል ስለሚመልስ የነበረሽንም ታጪዋለሽ። በሌላ ፖይንተር ተቀበዪ፣ አረጋግጪ፣ ከዚያ ተኪ። «መቶ ይበቃል» ብሎ ቋሚ አሬይ ማወጅ አልወድም። ለፈተና ቀን ይበቃ ይሆናል፤ የሰው ፎልደር ላይ ግን አይበቃም።

ወደ ቅደም ተከተሉ። ሪድዲር ስሞቹን የሚሰጥሽ የፋይል ሲስተሙ ባስቀመጠበት ሁኔታ ነው። ፊደል ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ዝብርቅርቁ ከዚያ ነው የመጣው፤ አንቺ ያጠፋሽው የለም። ስሞቹን ከሰበሰብሽ በኋላ የመደርደሪያውን ፈንክሽን ኪውሶርትን ጥሪ። ማወዳደሪያ ፈንክሽኑ የሚቀበለው ስሙን ሳይሆን የስሙን ፖይንተር አድራሻ መሆኑን አትርሺ፤ አሬይሽ የፖይንተሮች አሬይ ነውና። ይህን የዘለለ ፕሮግራም ኮምፓይል ይሆናል፣ ራንም ያደርጋል፣ የሚደረድረው ግን የማይገባ ነገር ነው።

ለማወዳደሪያ ሁለት ስም ባይት በባይት የሚያነጻጽረው ስትርሲኤምፒ ይበቃሻል። እዚህ ላይ የሚያስደስት ነገር አለ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ለዓለም ፊደሎች ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ፣ ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ዋናው ገበታ ከነተራው ነው የተቀመጠው፦ ሀ ሁ ሂ፣ ለ ሉ ሊ፣ ሐ ሑ ሒ እያለ። የዩኒኮድን ቁጥር በባይት የሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 ደግሞ ይህን ተራ ባይቱ ላይም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ስለ ፊደል ምንም የማያውቀው ስትርሲኤምፒ ስሞችሽን በሀ ሁ ተራ ይደረድርልሻል። የእንግሊዝኛ ስሞች ከአማርኛዎቹ በፊት ይወጣሉ። የራስሽን ማወዳደሪያ ባይት በባይት ከጻፍሽ ግን ባይቱን ወደ አንሳይንድ ካር ቀይሪው። ብዙ ኮምፒውተር ላይ ካር ምልክት ያለው ቁጥር ነው፤ የአማርኛ ባይቶች ኔጌቲቭ ይሆኑና ሳታስቢው ከእንግሊዝኛው በፊት ይሄዳሉ።

የማይፈታልሽ አንድ ነገር አለ፤ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደሎች። «አለም ከተማ» ብሎ የጻፈና «ዓለም ከተማ» ብሎ የጻፈ ሰው ፋይሎቻቸው ጎን ለጎን አይገኙም። በመሃል በከ፣ በኸ እና በወ የሚጀምሩ ስሞች በሙሉ ይገባሉ። ይሄ የፕሮግራሙ ጉዳይ አይደለም፣ የአሰያየም ጉዳይ ነው። የወረዳዎቹን አጻጻፍ ከወዲሁ አንድ አድርጊው። ቁጥር ያለበት ስም ካለሽም 2ን 02 ብለሽ ጻፊ፤ አለበለዚያ 10 ይቀድመዋል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ መለካቱ።

አንድ የአማርኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው። አ ብትጽፊ ዲስኩ ላይ የሚቀመጡት 225፣ 138 እና 160 ናቸው። ስክሪኑ ላይ ግን አ የሚይዘው አንድ ቦታ ነው። ስትርለን የሚቆጥረው ባይት ስለሆነ አንኮበርን 15 ይልሻል። ዓይንሽ የሚያየው 5 ነው። ፕሪንትኤፍ ላይ የሰጠሽው 20ም እንደዚሁ በባይት ነው የሚቆጠረው።

ያንቺን 20 ይዘን ስሌቱን እንሥራው። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አንኮበር 7 ባይት ነው። ፕሪንትኤፍ 13 ስፔስ ይጨምራል፤ 7 እና 13፣ 20 ቦታ። ልክ ነው። በአማርኛ የተጻፈው 15 ባይት ነው። 5 ስፔስ ይጨመራል፤ ስክሪኑ ላይ 5 እና 5፣ 10 ቦታ። መንዝ 9 ባይት ነው፤ 11 ስፔስ ይጨመርለትና 14 ቦታ ይይዛል። ግሼ 6 ባይት ነው፤ 14 ስፔስ ሲጨመርለት 16 ቦታ። ስለዚህ አጭሩ ስም ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ ረጅሙ ይጨመቃል። የሚያንጋድድብሽ ይሄ ነው። «ሲያደብርና ዋዩ» ደግሞ ከነስፔሱ 25 ባይት ነው። ከ20 ስለሚበልጥ አንድም ስፔስ አይጨመርለትም፤ ቀጣዩ ስም ጀርባው ላይ ይለጠፋል። ስክሪኑ ላይ የሚይዘው 9 ቦታ ብቻ ሆኖ ሳለ።

20ውን ወደ 40 ማሳደግ አያድንሽም። ልዩነቱ እንዳለ ይቀራል። ማድረግ ያለብሽ የስሙን ስፋት ራስሽ ቆጥረሽ፣ ስፔሱንም ራስሽ መጨመር ነው።

ለመቁጠር ሁለት መንገድ አለ። አጭሩ መንገድ ይሄ ነው፦ በዩቲኤፍ-8 የአንድ ፊደል ተከታይ ባይቶች ሁልጊዜ ከ128 እስከ 191 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። መነሻ ባይት ግን እዚያ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ስሙን ባይት በባይት እየሄድሽ፣ ከ128 እስከ 191 ያልሆነውን ብቻ ቁጠሪ። አንኮበር 5 ይሆናል፣ ግሼ 2 ይሆናል። እዚህም አንሳይንድ ካር መጠቀምሽን አትርሺ። ይህ ሉፕ ሦስት አራት መስመር ነው፤ ለአማርኛና ለእንግሊዝኛ ስም በቂ ነው። ነገሩ እስኪገባሽ መጀመሪያ በዚህ ሥሪው።

ሙሉው መንገድ ግን ሌላ ነው። ፊደል ሁሉ አንድ ቦታ አይዝም። የቻይንኛ ፊደልና ብዙው ኢሞጂ ሁለት ቦታ ይይዛሉ። የእኛ የማጥበቂያ ምልክት ደግሞ ፊደሉ አናት ላይ ስለሚቀመጥ የራሱ ቦታ የለውም፤ ስፋቱ 0 ነው። ይህን የሚያውቅ ደብሊውሲዊድዝ የሚባል ፈንክሽን አለ። ስሙን በኤምቢአርቶደብሊውሲ ፊደል በፊደል እየፈታሽ ለእያንዳንዱ ደብሊውሲዊድዝን ትጠይቂያለሽ። መልሱን ትደምሪያለሽ።

ይህ እንዲሠራ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ፣ ሜይን ውስጥ ከሁሉ በፊት ሴትሎኬልን ከኤልሲ ኦል እና ከባዶ ስትሪንግ ጋር ጥሪ። የሲ ፕሮግራም ሲነሳ የኮምፒውተርሽን የቋንቋ ምርጫ አያነብም። ይህችን መስመር ከዘለልሽ ፊደሎቹን አያውቃቸውም፤ ብዙ ሰው ደብሊውሲዊድዝ አይሠራም ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላው፣ ከኢንክሉዶቹ ሁሉ በላይ ኤክስኦፕን ሶርስ የሚለውን ማክሮ 700 ብለሽ አውጂ፤ ከፊቱ አንድ አንደርስኮር፣ በመሃሉም አንድ አለው። ያለሱ ኮምፓይለሩ ፈንክሽኑን አላውቀውም ብሎ ይጮህብሻል።

ኤምቢአርቶደብሊውሲ ባይቱ የተበላሸ ሲሆን −1፣ ሳይሟላ ሲያልቅበት −2 ይመልሳል ተብሎ ተጽፎ ታገኚያለሽ። የሚመልሰው ዓይነት ግን ሳይዝ ቲ ነው፤ ምልክት የለውም። «ከ0 ያንሳል ወይ» ብለሽ ብትጠይቂ መልሱ ሁልጊዜ አያንስም ነው። −1 እና −2ን ራሳቸውን ወደ ሳይዝ ቲ ቀይረሽ በእኩልነት አወዳድሪ። ባይቱ ተበላሽቶ ከመጣ በጥያቄ ምልክት ተኪው፣ ስፋቱን 1 ቁጠሪ፣ አንድ ባይት እለፊ፣ ቀጥዪ።

የጥያቄ ምልክቱ ሌላም ሥራ አለው። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም ውስጥ የማይገቡት ስላሽና ዜሮ ባይት ብቻ ናቸው። አዲስ መስመር፣ ታብ፣ የተርሚናሉን ቀለም የሚቀይር ምልክት ሁሉ ይገባል። እንዲህ ያለ ስም አንድ ብቻ ቢመጣ ሰንጠረዥሽ ይፈርሳል። ደብሊውሲዊድዝ ለእነዚህ −1 ይመልሳል፤ እነሱንም በጥያቄ ምልክት ተኪ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፋይል የተለያየ መረጃ በአንድ የሚይዝ አንድ ስትራክት አዘጋጂ፦ እውነተኛው ስም፣ የሚታየው ስም፣ ስፋቱ። እውነተኛውን አትንኪው፤ ፋይሉን የምትከፍቺው በእሱ ነው።

ፎንትን በተመለከተ አንድ ነገር። ተርሚናልሽ የመረጠው ፎንት የአማርኛ ፊደል ከሌለው ከሌላ ፎንት ያመጣል። ያኔ እንደ ጭ ያለ ሰፊ ፊደል ጎኑን ሊነካው፣ እንደ ር ያለው ደግሞ ክፍት ሊተውበት ይችላል። ያ የመልክ ጉዳይ ነው። ዓምዱ የሚጀምርበት ቦታ ትክክል ከሆነ ፕሮግራምሽ ሥራውን ሠርቷል።

ቀጥሎ የተርሚናሉ ስፋት። በየመስመሩ 4 የሚለውን ተዪው፤ ስክሪኑን ጠይቂው። አይኦሲቲኤልን ቲአይኦሲጂዊንስዝ ከሚባለው ጥያቄ ጋር ትጠሪያለሽ፤ ዊንሳይዝ በሚባል ስትራክት ውስጥ የዓምድ ብዛት ሞልቶ ይመልስልሻል። ጥሪው ከከሸፈ ወይም 0 ከመለሰ 80 ብለሽ ያዢ። ይህ 80 ከጥንቱ ባለ80 ዓምድ የአይቢኤም ፓንች ካርድ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ኮለምንስ የሚለውን የኢንቫይሮመንት ቫርያብል በጌትኢንቭ ለማንበብ የሚሞክሩ አሉ። ባሽ ግን ለራሱ ይይዘዋል እንጂ ካላዘዙት በቀር ለሚያስነሳው ፕሮግራም አያወርሰውም፤ ባዶ ሆኖ ብታገኚው አትደነቂ።

ድርደራው አሁን ይቀላል። ፎልደርሽ ውስጥ እነዚህ 11 ስሞች በተራ አሉ እንበል፦ መርሐቤቴ፣ መንዝ፣ ምንጃር፣ ሞረት፣ ቀወት፣ በረኸት፣ አሳግርት፣ አንኮበር፣ እንሳሮ፣ ግሼ፣ ጣርማበር። ተርሚናሉ ጠባብ ነው፣ 30 ቦታ። ረጅሙ ስም 5 ቦታ ይይዛል፤ 2 ስፔስ መለያ ሲጨመር 7። 30 ለ7 ሲካፈል 4 ዓምድ። ረድፉን በዚህ አስቢው፦

የረድፍ ብዛት = (የስም ብዛት + የዓምድ ብዛት − 1) ÷ የዓምድ ብዛት

14 ለ4፣ ቀሪውን የሚጥል የኢንቲጀር ማካፈል ስለሆነ 3 ይሆናል። በመጨረሻ የትኛው ስም የት እንደሚወድቅ የምታውቂው በዚህ ነው፦

የስሙ ተራ = ረድፍ + ዓምድ × የረድፍ ብዛት

ሁሉም ከ0 ነው የሚቆጠረው። የውጪው ሉፕ በረድፍ፣ የውስጡ በዓምድ ይሄዳል። የሚወጣው ይሄ ነው፦

መርሐቤቴ  ሞረት    አሳግርት  ግሼ
መንዝ    ቀወት    አንኮበር  ጣርማበር
ምንጃር   በረኸት   እንሳሮ

ተራው ወደ ታች ነው የሚነበበው፤ ኤልኤስም እንዲህ ነው የሚያደርገው። የመጨረሻው ቦታ ላይ ስሌቱ 11 ይልሻል፤ ስሞቹ ግን ከ0 እስከ 10 ናቸው። ተራው ከስም ብዛት ያነሰ መሆኑን ሳታረጋግጪ አሬዩን አትንኪ፤ ይህን የረሳ ፕሮግራም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ በሴግመንቴሽን ፎልት ይወድቃል።

በዚሁ ፎልደር ላይ በባይት ብትለኪ ምን ይሆን ነበር? ረጅሙ 15፣ ከመለያው ጋር 17። 30 ለ17፣ 1 ዓምድ። 11 ስም በ11 መስመር ተንጠልጥሎ ይወጣ ነበር፤ የስክሪኑ ቀኝ ጎን ባዶውን ይቀራል።

አንድ ስም ከተርሚናሉ ቢሰፋስ? ያኔ የዓምዱ ብዛት 0 ይሆናል፣ ቀጣዩ መስመር በ0 ያካፍላል፣ ፕሮግራሙ ይሞታል። ከ1 ካነሰ 1 አድርጊው።

ማተሙ ላይ ስሙን በኤፍፑትስ አትሚ። ከዚያ የዓምዱ ስፋት ሲቀነስ የስሙ ስፋት ያህል ስፔስ ጨምሪ። ከረድፉ መጨረሻ ላለው ስም ስፔስ አትጨምሪ። አለበለዚያ መስመሩ በትክክል ስክሪኑን የሚሞላበት ቀን አንዳንድ ተርሚናል ላይ ባዶ መስመር በመሃል ይገባል።

ይህ ከሠራ በኋላ ለእያንዳንዱ ዓምድ የራሱን ስፋት መስጠት ትችያለሽ። ኤልኤስ የሚያደርገው እሱን ነው፤ ውበቱም እዚያ ነው። አንድ «አንጾኪያ ገምዛ» ስላለ ሁሉም ዓምድ 11 መሆን የለበትም። አሠራሩ ሙከራ ነው፦ ከብዙ ዓምድ ጀምረሽ ወደ 1 ትወርጃለሽ። በእያንዳንዱ ሙከራ ረድፉን ታሰቢያለሽ፣ የየዓምዱን ረጅም ስም ታገኚያለሽ፣ ከነመለያው ትደምሪያለሽ። ድምሩ ከተርሚናሉ ስፋት ያልበለጠበት የመጀመሪያው ሙከራ መልስሽ ነው። እነዚያኑ 11 ስሞች 38 ቦታ ላይ ሞክሪያቸው። በእኩል ስፋት 3 ረድፍ ይወጣሉ። በየራሳቸው ስፋት ግን 6 ዓምድ ሆነው፣ ስሞቹ 27 ቦታ፣ 5ቱ መለያዎች 10 ቦታ፣ በድምሩ 37 ይሆናሉ። 2 ረድፍ ብቻ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 5 ዓምድ ስትሞክሪ ረድፉ 3 ይሆናል፤ 11 ስም በ3 ረድፍ ግን 4 ዓምድ ብቻ ነው የሚሞላው። አምስተኛው ባዶ ነው። ረድፉን ካገኘሽ በኋላ የዓምዱን ብዛት ከረድፉ መልሰሽ አስቢው።

የፕሮግራምሽ ውጤት ስክሪን ላይ ሳይሆን ወደ ፋይል ወይም በፓይፕ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲሄድ ዓምድ አያስፈልግም። በኢዛቲቲዋይ ጠይቂ፤ ተርሚናል ካልሆነ በየመስመሩ አንድ ስም አትሚ፣ የጥያቄ ምልክቱንም ተዪና እውነተኛውን ስም ስጪ። ሌላው ፕሮግራም የሚፈልገው እሱን ነው።

ለመሞከሪያ ባዶ ፎልደር ስጪው፣ አንድ ፋይል ብቻ ያለበትን ስጪው፣ አማርኛና እንግሊዝኛ የተቀላቀለበትን ስጪው። ተርሚናሉን አጥብበሽ እንደገና ራን አድርጊ። ኮምፓይል ስታደርጊ የጂሲሲን ማስጠንቀቂያዎች በሙሉ አብሪያቸው፤ በቫልግራይንድም አንዴ አስኪጂው፣ ነጻ ያልወጣ ሜሞሪ ካለ ይነግርሻል።

የፋይሉን መጠን ለመጨመር የፋይል መረጃ የሚሰጠውን ስታትን ትጠቀሚያለሽ። ፕሮግራሙን ያስነሳሽበትን ፎልደር ስትዘረዝሪ ይሠራል። ሌላ ፎልደር ስትሰጪው ግን «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ይልሻል፣ ስሙ ፊትሽ ተዘርዝሮ እያየሽው። ሪድዲር የሚሰጥሽ ስሙን ብቻ እንጂ መንገዱን አይደለም። ስታት ደግሞ ስሙን የሚፈልገው አንቺ ካለሽበት ፎልደር ነው። የፎልደሩን ስም፣ ስላሽና የፋይሉን ስም አገጣጥመሽ መስጠት አንዱ መፍትሔ ነው። እኔ የምመርጠው ግን ኤፍስታትአትን ነው። ከዲርኤፍዲ የምታገኚውን ቁጥር ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ራሱ ከዚያ ፎልደር ውስጥ ይፈልጋል፤ ስትሪንግ መቀጣጠል የለም። ክሎዝዲር ከመጥራትሽ በፊት መሆን አለበት፤ ከተዘጋ በኋላ ያ ቁጥር አይሠራም። መጠኑን እንደ ስሙ እዚያው ስትራክት ውስጥ ያዢውና ለኪው። ቁጥሩን ወደ ቀኝ አስጠጊ፣ ስሙን ወደ ግራ፤ ያንን ለቁጥሩ ፕሪንትኤፍ ራሱ ይሠራልሻል፤ ቁጥር አንድ አሃዝ አንድ ባይት ነውና።